«ነጥቧን አመንክ፤ እኔን ግን አላመንክም!»

ስልካችን ያለንበትን ቦታ በትክክል እንዲያውቅ ምን እናድርግ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርም ስለ ስልክም ነው። በዚህ ዘመን መቼም ሁለቱን ለይቶ ማውራት አይቻልም። ስልክ ያስተዋውቃል፣ ስልክ ያጋባል፣ ስልክ ያጣላል። ከዚህ በታች የማጫውታችሁ ታሪክ ባለቤት «ስሜ ከተነሳ ተቀያየምን!» ስላለኝ፣ ስሙን ትቼ ጉዱን ብቻ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። ወጣቱ ያኔ የ27 ዓመት ጎረምሳ ሲሆን፣ መርካቶ ውስጥ የስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። (አዎ፣ የስልክ መለዋወጫ! ይህችን ነገር ያዙልኝ።) እጮኛው ደግሞ መምህርት ናት። የምታስተምረውም በተወለደችበት አካባቢ፣ ጋሸና ነው።

ጋሸናን ለማታውቋት፣ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው «የቻይና መንገድ» ላይ የምትገኝ፣ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዚያ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያልፍ መንገደኛ እዚያ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ መኪና ይቀይራል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ስለተቀመጠች ብርዷ ጋቢ ያስደርባል። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ሜዳው ሳይነግራችሁ ያልቅና ገደሉ ይጀምራል።

እንግዲህ ልጁ ፎንቃ ይዞታል። ፎንቃ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ቅናትም አለበት። ማታ ማታ «ሎኬሽን ላኪልኝ» ይላታል። «ምነው?» ስትለው «ስለምጨነቅልሽ ነው» ነው መልሱ። እሷም የምትደብቀው ነገር ስለሌለ ትልክለታለች።

አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ቤቴ ነኝ፣ ልተኛ ነው» ብላ ጻፈችለት። ሎኬሽኗንም ላከች። ከፈተው። ነጥቧ ከተማው ውስጥ የለችም! ከከተማው ወጥታ፣ ገደሉን ተሻግራ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ማዶ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብላለች። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። ያው ነው። በማግስቱ ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ «ላኪልኝ» አለ። ነጥቧ እዚያው! በሦስተኛውም ሌሊት እዚያው!

«ሦስት ሌሊት አንድ ቦታ! ይሄ የሰው ቤት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ይላል ያንን ጊዜ ሲያስታውስ። «የስልክ ስህተት ቢሆን ኖሮ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይል ነበር ብዬ አሰብኩ።»

ወዲያው «የት እንደምታድሪ ደርሼበታለሁ። ሽማግሌ መላኩ ይቅር» ብሎ ጻፈላት። ደወለች፤ አላነሳም። ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ እሷም መደወሏን ተወች። እሱ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። ሱቁን ለጓደኛው ሰጥቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ወልድያ አድሮ በማግስቱ በሚኒባስ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጋሸና ደረሰ።

በብርድ እየተንዘፈዘፈ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ሻይ ቤት ገባ። ሻይ አዘዘና «ያንን ቤት» ለመፈለግ ስልኩን አውጥቶ ማፕ ከፈተ። አሁን የሚያየው የእሷን ሳይሆን የራሱን ነጥብ ነው። የእሱ ነጥብ የት ብትሆን ጥሩ ነው? ገደል ማዶ! እዚያው፣ ያችው ኮረብታ ላይ!

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ልክ አይደለም?» አሉት ሻይ ቤቷን የሚያስተዳድሩት እናት።

«እማማ፣ እዚህ ማዶ ኮረብታው ላይ ማን ነው የሚኖረው?»

እሳቸው ማፑን አይተው ምንም አልገባቸውም። ካርድ የሚሸጥ አንድ ልጅ ግን አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚያ እኮ ሰው አይኖርም። የኔትወርኩ ታወር ነው ያለው!»

ልጁ በዚህ አላበቃም። «እስኪ ወደ ውጪ ውጣና ትንሽ ቁም» አለው። ወጣ። ስልኩን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... ነጥቧ በአንድ ጊዜ ገደሉን ዘላ መጥታ መንገዱ ዳር፣ ሻይ ቤቷ ደጃፍ ላይ አረፈች።

በዚያ ምሽት የልጅቷን ደጅ ሲያንኳኳ ምን እንዳለችው ርዕሱ ላይ አንብባችኋል። ያችን ተናግራ በሩን ዘጋችው። መጨረሻቸውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አሁን ግን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ስልክ ለምን እንዲህ ይዋሻል? እውነቱን እንዲናገርስ ምን እናድርግ?

ለመሆኑ ጂ.ፒ.ኤስ. ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተማረው እስከ 12ኛ ክፍል ስለሆነ በገባው መጠን ያስረዳችኋል። ጂ.ፒ.ኤስ. የአሜሪካ መንግሥት ለጦሩ ብሎ የዘረጋው የሳተላይት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኮሰችው በፈረንጆቹ 1978 ነው። በ1983 አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ላይ ተመቶ ወደቀና 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ይህ ሥርዓት ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም በነጻ ይሰጣል ያሉት። ያም ሆኖ አሜሪካኖቹ ለሲቪሉ የሚደርሰውን ሆን ብለው ያደበዝዙት ነበር፤ ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ የቀረው በግንቦት ወር 2000 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬ ሠላሳ የሚሆኑ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። ሩሲያ፣ አውሮፓና ቻይናም የየራሳቸው አላቸው። የአሁን ዘመን ስልኮች አብዛኞቹ ከሁሉም ይሰማሉ።

ነገሩ የሚሠራው እንዴት ነው? የላስታን እረኞች አስቡ። በዙሪያችሁ ባሉ ተራሮች ላይ እረኞች ቆመዋል። እያንዳንዱ «እኔ እገሌ ተራራ ላይ ነኝ፤ አሁን ልክ 3 ሰዓት ነው!» ብሎ ይጣራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጥሪው ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ከደረሳችሁ እረኛው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃችኋል ማለት ነው። ከአንዱ እረኛ ያላችሁን ርቀት፣ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ያላችሁን ርቀት ካወቃችሁ የቆማችሁበትን ቦታ አገኛችሁ!

ሳተላይቶቹ እረኞቹ ናቸው፤ ስልካችሁ ሰሚው ነው። ልዩነቱ የሳተላይት ጥሪ የሚጓዘው በድምፅ ሳይሆን በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት የርቀት ስህተቱ 300 ሜትር ይሆናል! ሳተላይቶቹ እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት ይዘዋል። የእኛ ስልክ ሰዓት ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ የስልኩን ሰዓት የሚያርም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል። ቢያንስ አራት! ይህን ቁጥር አትርሱ።

ሌላም ልብ አድርጉልኝ። ለዚህ ሥራ ስልካችሁ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም፤ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስለዚህ ጂ.ፒ.ኤስ. ካርድም፣ ዳታም፣ ሲም ካርድም አይፈልግም። ያላችሁበትን ቦታ ለሌላ ሰው የሚነግረው ጂ.ፒ.ኤስ. ሳይሆን፣ እናንተ የፈቀዳችሁለት መተግበሪያ በዳታ በኩል ነው።

ተጠርጣሪው ጉም አይደለም!

በደጋ አካባቢ ማፕ ሲበላሽ ብዙ ሰው «ጉሙ ነው» ይላል። ጉምና ደመና ግን የሳተላይትን ጥሪ እምብዛም አይከለክሉም። ዋናዎቹ ጠላቶች ቆርቆሮ፣ ግድግዳ፣ ገደልና ሕንፃ ናቸው።

አንድ ሳተላይት የሚያሰራጨው ኃይል ከቤት አምፖል ብዙም አይበልጥም። ያ አምፖል 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ እናንተ ጋ ሲደርስ ምን ያህል ደካማ እንደሚሆን አስቡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከገባችሁ ያልቅለታል። ሳር ቤት ከቆርቆሮ ይሻላል። የአውቶቡስ ጣሪያም ብረት ነው። የሰው ገላም ብዙ ውሃ ስላለው ይጋርዳል፤ ስልኩን ደረት ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ትክክለኛ ነጥብ አትጠብቁ።

ሁለተኛው ጠላት የገደል ማሚቶ ነው። ወደ እረኞቻችን እንመለስ። ገደል ሥር ቆማችኋል እንበል። እረኛው ከኋላችሁ ካለው ተራራ ቢጣራም ቀጥታ ድምፁን ገደሉ ይጋርደዋል። የሚደርሳችሁ ከፊት ለፊቱ ቋጥኝ ነጥሮ የተመለሰው ነው። እናንተም «እረኛው ያለው ወደዚያ ነው፣ ርቀቱም ይሄን ያህል ነው» ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። የሳተላይት ጥሪም እንዲሁ ከቋጥኝና ከሕንፃ ላይ ይነጥራል። መንገዱ ስለረዘመ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስልኩም ራቅ ያለ መስሎት ነጥቧን ወዲያና ወዲህ ያዘልላታል።

ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ከላይ አፋፉ ላይ ስትሆኑ ሰማዩ ሁሉ የእናንተ ነው። ታች ቅጥሩ ውስጥ ስትገቡ ግን የምታዩት ሰማይ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ስልካችሁም የሚያየው ያችኑ ቁራጭ ነው።

የአዲስ አበባ ልጆችም አትሳቁ! የእናንተ ገደል መስታወትና ብረት የለበሰው ፎቅ ነው። በመተግበሪያ ታክሲ ስትጠሩ ሹፌሩ ደውሎ «ማፑ አስፋልቱን ተሻግረህ ያሳየኛል፣ የት ነህ?» የሚላችሁ ለምን ይመስላችኋል? ፎቆች መሃል የተፈጠረ የገደል ማሚቶ ነው።

ስልኩ ሲያጣ ይገምታል

አሁን የመርካቶው ወዳጃችን የወደቀበትን ጉድጓድ እንመልከት። ስልክ ሳተላይት ሲያጣ «አላውቅም» አይልም፤ ይገምታል። በአቅራቢያው ያለውን ዋይፋይና የኔትወርክ ታወር አይቶ «እዚህ አካባቢ መሆን አለብኝ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋይፋይም ታወርም ስለሚበዛ ግምቱ ብዙ አይርቅም። በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ግን አንዱ ታወር የብዙ ኪሎ ሜትር አካባቢ ያገለግላል። ስለዚህ ስልኩ ነጥቧን ወደ ታወሩ ጎትቶ ያስቀምጣታል። ልጅቷ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ባትሪ መቆጠቢያውን አብርታ ስለምትተኛ ስልኳ ሦስቱንም ሌሊት የገመተው ያንኑ ታወር ነው። ለዚህ ነው ነጥቧ ያልተንቀሳቀሰችው።

ግምት መሆኑን በምን እናውቃለን? ጎግል ማፕ ላይ በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ክብ አለ። ክቡ ጠባብ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልታየ ስልኩ አውቋል። ክቡ ሰፊ ከሆነ ግን «ከዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ነኝ» ማለቱ ነው። ነጥቧ መሃል ላይ የተቀመጠችው ሌላ ቦታ ስለሌላት ነው። ልጅቷ ሎኬሽኗን ስትልክ በራሷ ማፕ ላይ ክቡ መንደሩንም ገደሉንም ያካተተ ሊሆን ይችላል። እሱ ጋ የደረሰችው ግን ነጥቧ ብቻ ናት። ክቡ መንገድ ላይ ቀረ!

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. ሰማይ ስጡት። ከጣሪያ ሥር ውጡ፤ ከግድግዳና ከቋጥኝ ራቅ በሉ። ቢቻል ከፍ ያለ ቦታ ቁሙ። ስልኩን ከኪስ አውጥታችሁ የላይኛውን ጫፍ በእጃችሁ ሳትሸፍኑ ያዙት። አውቶቡስ ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ክፍት ሆኖ አንድ ደህና ስልክ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሳሳተው።

2. ታገሱ። ሳተላይቶቹ መልእክታቸውን የሚልኩት በጣም በዝግታ ነው። ስልኩ የአንዷን ሳተላይት ትክክለኛ ጎዳና ለመስማት 30 ሰከንድ ያህል ሳይቋረጥበት ማዳመጥ አለበት። የሁሉንም ጠቅላላ ማውጫ ለመስማት ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ዳታ ሲኖር ግን ይህንን ሁሉ ከኢንተርኔት በሰከንዶች ይወስዳል። ለዚህ ነው ገጠር ገብታችሁ፣ ዳታ ጠፍቶ ስልክ ስትከፍቱ የሚዘገየው። ዘዴው ምንድን ነው? ከከተማ ሳትወጡ፣ ዳታ እያለ ደጅ ወጥታችሁ ማፑን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት። የያዘው መረጃ ለጥቂት ሰዓታት ያገለግለዋል። ከጠፋባችሁም እየሮጣችሁ አትፈልጉት፤ አንድ ቦታ ቆማችሁ ጠብቁት።

3. ሴቲንጉን እዩ። ሎኬሽን መብራቱን አረጋግጡ። ባትሪ መቆጠቢያው ጂ.ፒ.ኤስን ሊያዳክም ስለሚችል ለጊዜው አጥፉት። በአዳዲስ ስልኮች ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ «ትክክለኛ ቦታ» ወይስ «ግምታዊ ቦታ» ብሎ የሚጠይቅ ምርጫ አለ። ሳታውቁት «ግምታዊ» ብላችሁ ፈቅዳችሁ ከሆነ ደጅ ብታድሩም ነጥቧ አትስተካከልም።

4. ከቨሩን አውልቁ። ብረት ያለው ከቨር ሲግናል ያፍናል። ማግኔት ያለው ደግሞ ኮምፓሱን ያሳብደዋል፤ ቦታችሁን ቢያውቅም ፊታችሁ ወዴት እንደዞረ ይሳሳታል። ኮምፓሱ ከተዛባ ስልኩን አየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አወዛውዙት። ሰው «አበደ» ቢላችሁም አትፈሩ፤ ይሠራል።

5. አጥፍታችሁ አብሩት። ኤርፕሌን ሞድ ከፍታችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና መልሱት። ካልሆነ ስልኩን ራሱን አጥፍታችሁ አስነሱት። የቆየ የተሳሳተ መረጃ ይዞ ከሆነ ይለቀዋል።

6. ሳተላይት ቁጠሩ። ስልካችሁ ስንት ሳተላይት እንደሚሰማ የሚያሳዩ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ። ክፍት ሜዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁም አራት እንኳ የማይሞላ ከሆነ ችግሩ ከሰማዩ ሳይሆን ከስልኩ ነው። ይህችን ምክር የሰጠኝ ያው የመርካቶው ወዳጄ ነው። «ስክሪን ወይ ባትሪ ለመቀየር ስልኩ ሲከፈት፣ የአንቴናዋ መገናኛ በደንብ ሳይገጥም ወይም ብሎኗ ሳትጠብቅ ይዘጋል። ባለቤቱ ግን ማፑን ይራገማል» ይላል። ስልካችሁ ተሠርቶ ከመጣ ወዲህ ማፕ ከተበላሸባችሁ ወደ ሠሪው ውሰዱት።

ምሽት ላይ የሚፈላው ሰማይ

ይህ ደግሞ ለእኛ አገር ሰዎች የተለየ ነው። ከምድር በላይ አዮኖስፌር የሚባል፣ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር አለ። የሳተላይት ጥሪ ወደ እኛ የሚመጣው እሱን አቋርጦ ነው። የምድር የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያ ንብርብር እንደ ድስት ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል። ያን ጊዜ የሳተላይት ጥሪ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ፀሐይም በምትቆጣባቸው ዓመታት ይብሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ይህን የእኛን ሰማይ ያጠናሉ። ለእኛ ለተራዎቹ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ከመሸ በኋላ ነጥቧ ብትንቀጠቀጥ ወይም ለጥቂት ጊዜ ብትጠፋ ስልካችሁን አትወርውሩት።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ጋሸናዎች ኔትወርክ ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢውን ሲያንገላታ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንስቶም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ታዲያ ቀደም ሲል እንዳልኩት ጂ.ፒ.ኤስ. ዳታ አይፈልግም። ዳታ የሚፈልገው የማፑ ሥዕል ነው። ነጥቧ ኖራ ሥዕሉ ከሌለ ባዶ ወረቀት ላይ እንደተቀመጠች ጠብታ ናት።

መፍትሔው ሥዕሉን አስቀድሞ ማውረድ ነው። ጎግል ማፕ ላይ የምትሄዱበትን አካባቢ መርጣችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማውረድ ትችላላችሁ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉትም አገሩን በሙሉ አውርደው ያስቀምጣሉ። ማፓቸውን የሚሞሉት በየዓለሙ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ አንዳንዴ የእግር መንገድ ጭምር ታገኛላችሁ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ፣ ከመንገዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት አውርዱት።

ነገር ግን ማፕ የማይነግራችሁ ነገር አለ። አንደኛ፣ በላስታ ማፕ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚመስለው ቦታ ገደል ወርዳችሁ፣ ወንዝ ተሻግራችሁ፣ ዳገት ወጥታችሁ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት መሆኑን፣ ጎርፍ መብላት አለመብላቱን፣ ሰላም መሆኑን ነጥቧ አታውቅም። እሱን ሹፌር ጠይቁ፣ የአገሩን ሰው ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ጉም ወርዶ ወይም መሽቶ ገደል አፋፍ አካባቢ ከሆናችሁ ነጥቧን አምናችሁ አንድ እርምጃ እንኳ አትራመዱ። አምስት ሜትር ስህተት ለታክሲ ምንም አይደለም፤ ለገደል ግን ብዙ ነው። ባላችሁበት ቁሙ፣ ሰው ተጣሩ፣ ይንጋላችሁ።

ችግር ገጥሟችሁ ለሰው ሎኬሽን ስትልኩም ነጥቧን ብቻ አትላኩ። በቃልም ጻፉ፤ «ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ፣ ድልድዩን አልፌ፣ በስተቀኝ ትልቁ ዋርካ ሥር ነኝ» በሉ። ነጥቧ ብትሳሳት ዋርካው አይሳሳትም።

ለቀናተኞች የቀረበች ምክር

እስቲ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የሰው ነጥብ አይታችሁ ደማችሁ ከመፍላቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህች ነጥብ የስንት ሰዓት ናት? ዳታ ሲቋረጥ እኮ የቀድሞዋ ነጥብ እንደቆመች ትቀራለች፤ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ከመቼ ወዲህ እንዳልታደሰች ከሥር ይጽፋሉ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ቤት ውስጥ ናቸው ወይስ ደጅ? ክቡስ ምን ያህል ሰፊ ነው?

ከሁሉም በፊት ግን አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እሱን ለራሳችሁ ጠይቁት። ለምንድን ነው ማየት የፈለግኩት? መንገደኛ በሰላም መግባቱን ማወቅ ደግ ነው። ሌሊት ሌሊት «የት ነሽ? አሳዪኝ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ትክክለኛ ሲግናል ቢገኝ እንኳ ጥርጣሬን አያድንም። ዛሬ ነጥቧ ቤት ብትሆን ነገ «ስልኩን ቤት ትተሽ ወጥተሽ ቢሆንስ?» ማለት ይመጣል። መጨረሻ የለውም።

መጨረሻቸውስ?

ያን ምሽት በሩ ከተዘጋበት በኋላ ወጣቱ ጋሸና አደረ። በማግስቱ ሻይ ቤቷን የሚያስተዳድሩትን እናት ለምኖ አማላጅ ላካቸው። ሄደው ተመለሱ። «አሁን አይሆንም ብላለች ልጄ» አሉት። ባዶ እጁን አዲስ አበባ ገባ። ወራት ፈጀበት። ስንት ጊዜ ይቅርታ እንደጠየቀ እሱ ራሱ አይቆጥረውም። በመጨረሻ እሺ ያለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ዳግመኛ «ሎኬሽን ላኪ» የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ! ጥር 2013 ዓ.ም. ተጋቡ፤ እሷም ከባሏ ጋር ለመኖር አዲስ አበባ ገባች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስ ወላጆቿ እዚያው ጋሸና አካባቢ ነበሩ። ስልካቸው ለወራት ዝም አለ። «ያን ጊዜ» ይላል ወዳጄ፣ «ሌሊት እየተነሳሁ ማፑን ከፍቼ ያችን ኮረብታ አያት ነበር። ያችኑ ውሸታም ነጥብ እንኳ አንድ ጊዜ ብናገኛት ብዬ ተመኘሁ።» ደግነቱ ወላጆቿ በሕይወት ተገኙ።

ዛሬ በሰላም እየኖሩ ነው። እሱም ቃሉን ጠብቋል፤ ሎኬሽን ጠይቋት አያውቅም። ምሽት ላይ ስታመሽበት ግን አንዳንዴ አያስችለውምና ይደውላል።

«የት ነሽ?»

«ታወሩ ጋ!» ትለዋለች።

ቸር እንሰንብት!